መብራት ሲበራ ነዳጅ የምትጨምረውን መኪናዬን ላስተካከለልኝ ልጅ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይገባዋል። ዳሽቦርዱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ባለ ቁጥር ልብም አብሮ ብልጭ ይላል። የእኔ ልብ ለወራት እንደዚያ ሲል ከርሟል። ዛሬ የምጽፈው ከዚህ የገላገለኝን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ለማመስገን ነው።

ችግሩ የሙቀት ጌጁ፣ የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳየው፣ ነበር። ቀን ቀን መሃል ላይ ቁጭ ይላል፣ ሰላም ነው። ማታ ግን ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይወጣል። ዳር ይዤ አቆማለሁ፣ ኮፈን እከፍታለሁ፤ እንፋሎት የለም፣ የሚፈላ ውሃ የለም። አንዱ ጋ ወሰድኳት፣ ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ፣ ተቀየረ። ያው ናት። ሌላው ጋ ወሰድኳት፣ የሙቀት ሴንሰሩ ተቀየረ። አሁንም ያው። ሦስተኛው «ቴስታታው ይከፈት»፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ፣ ሲለኝ መኪናዋን ልሸጣት ወሰንኩ። ሰዎቹ ላይ አልፈርድም። ጌጅ ቀይ ካሳየ ሞተር ሞቋል ብሎ መነሳት ያባት ነው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

እሱን ጥያቄ የጠየቀኝ ይሄ ልጅ ነው። ልጅ የምለው በዕድሜ ስለምበልጠው እንጂ በሙያው አንቱ የተባለ ነው። ኮፈን አልከፈተም፣ መፍቻም አላነሳም።

«ጋሼ፣ የሚወጣው ማታ ብቻ ነው?»

«አዎ፣ ማታ ነው።»

«የፊት መብራት ካበሩ በኋላ ማለት ነው?»

እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

«የሙቀቱ ሲወጣ የነዳጁስ ጌጅ ምን ይሆናል?»

ይሄንንማ ጭራሽ። ማን ያየዋል፣ ዓይኔ ቀዩ ላይ ተተክሎ! ሞተሩ እንደሞቀ እዚያው ሞከርነው። መብራቱን አበራ። የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። የነዳጁም አብሮት ተነሳ፣ ከሩብ ወደ ግማሽ። ልጁ ሳቀ። «መብራት ሲበራ ነዳጅ የምትጨምር ከሆነማ መኪናዋን እኔ ልግዛት» አለኝ።

እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ እነዚህ ሁለት ጌጆች አንድ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ይጋራሉ። ከባትሪ የሚመጣው ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ይላል። ማረጋጊያው እሱን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ልክ ለሁለቱም ያከፋፍላል። ሥራውን እንዲሠራ ግን ጥሩ ማሳ ያስፈልገዋል፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ የተያያዘ ኔጌቲቭ። ማሳው ከላላ ጌጆቹ ከልካቸው በላይ ያገኛሉ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። መብራት ሲበራ በላላው ማሳ ላይ ጫናው ስለሚጨምር ማታ ይብሳል። አንድ ጌጅ ብቻውን ሲዋሽ ሴንሰሩን ወይም ገመዱን ነው የምትጠረጥረው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲዋሹ ግን የሚጋሩትን ነገር ፈልግ። እኔ ሁለት ዕቃ ያስቀየርኩት ይህን ባለማወቄ ነው።

በግምትም አልተወውም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለች የማሳ ቡሎን ላይ አደረገ። መብራት ጠፍቶ ዜሮ አካባቢ ነው። መብራት ሲበራ ከ1 ቮልት በላይ አሳየ። «እዚህ ጋ ምንም መኖር አልነበረበትም» አለኝ። ቡሎኗን ፈታት። ከሥሯ ያለው የገመድ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ነሐስማ ቀለሙ እስኪወጣ ፈገፈገው፣ የሚያርፍበትንም ብረት እንዲሁ፣ ከዚያ መልሶ አጠበቀው። መብራቱን አበራን። መርፌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ወራት ያሰቃየኝ ነገር ይቺ ቡሎን ናት!

ሒሳቡ ስንት ነው ልል ስል «ቆይ ጋሼ፣ ቁልፉን ያዙሩልኝ፣ ሞተሩን ግን አያስነሱት» አለኝ። ሞተር ሳይነሳ ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው። የባትሪው በራ፣ የእጅ ፍሬኑ በራ። የዘይቱ ቀይ መብራት ግን የለም። ዳሽቦርዱን አውጥቶ ከጀርባው ሲያየው አምፖሉ የለም፣ ቦታው ባዶ ነው። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው አውጥቶት ይሆናል። እኔ ደግሞ የዘይት መብራት በርቶብኝ አያውቅም እያልኩ ስኮራ ነበር።

አምፖል ገባ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ቀዩ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። እሱ ግን የዘይት ግፊት ስዊቹን፣ ግፊት ሲወርድ ቀዩን መብራት የሚያበራውን፣ ፈትቶ በቦታው የራሱን የግፊት መለኪያ አሰረበት። ሞተሩ ሞቆም ግፊቱ ደህና ነው። የተበላሸው ስዊቹ ራሱ ነበር፣ ተቀየረ። «መለኪያው ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አላስነሳዎትም ነበር» አለኝ። እየነዳችሁ ያ ቀይ መብራት ከበራ ደግሞ ትንሽ ነው የቀረኝ ብላችሁ እንዳትገፉ፤ ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተር አጥፉ ባይ ነው።

ያስከፈለኝ የእጁን፣ የአምፖሏንና የስዊቹን ብቻ ነው። አሮጌውን ስዊችም ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ጉድለቱንም ልናገር። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። አንድ መኪና ሳይጨርስ ሌላ ስለማይነካ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል፣ የእኔ ሁለቴ ተገፍቷል። የሞተር ሥራም አይቀበልም፣ ወደ መካኒክ ነው የሚልካችሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን መብራቱ ወይም መርፌው መቼ እንደሚረብሽ አስተውሉ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ፍሬን ስትይዙ ነው መብራት ስታበሩ? መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።