«ወራጅ አለ» ሲላት የምትቆም የጥርስ ሐኪም

ሰላም የሸዋ ልጆች። እኔ እዚህ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ይቆጨኛል። ትንሽ ልጅ ያላችሁ አንብቡት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ማሙሽ የምንለው የመጨረሻ ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ሲቀረው ጥርሱን ያመው ጀመር። የምንኖረው ደብረ ሲና ነው። እናቴ ቆሎ ሻጭ ናት፤ በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ምናልባት ከእጇ ገዝታችሁ ይሆናል። የእሷ የልጅ ልጅ ቆሎ እምቢ ሲል ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባን። እናቴ ቅርንፉድ አስነከሰችው። አንድ ሌሊት ተኛበት፤ በሁለተኛው ግን ጉንጩ አብጦ አደረ።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ገና በር ላይ «አያምም፣ ምንም አያምምህም» አሉት። ከዚያ ሁለቱ እግሩን፣ አንዱ እጁን ያዙና እኔን «ጭንቅላቱን ያዢልን» አሉኝ። ያዝኩላቸው! እናቱ ሆኜ ያዝኩላቸው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐኪሙ በጣቱ አፉን ሊያስከፍት ሲል ልጄ ነከሰው። (ደግ አደረገ ማለት አይገባኝም፤ እንግዲህ እናንተ በሉት።) «ባለጌ አሳድገሽ» ተብዬ፣ ጥርሱም ሳይነቀል፣ የከፈልኩትም ሳይመለስልኝ ወጣን። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ግማሽ ቀን ወረፋ ካስጠበቁን በኋላ አፉን እንኳ ሳያዩ «የወተት ጥርስ ነው፣ ራሱ ይወልቃል። የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ አናክምም» ብለው መለሱን። ማታ ማታ እየጮኸ የሚያድረው እነሱ ቤት አይደለማ!

ከዚያ በኋላ ማሙሽ ነጭ ጋዋን ያየ እንደሆነ ጋቢዬ ውስጥ ይገባል። ፀጉር ቆራጩም ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ሁለት ወር ሙሉ ፀጉሩን ሳይቆረጥ ከረመ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት «ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ልጅ የምትችል ሐኪም አለች» ያለችኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ቶሎ አልሄድኩም። በኋላ ግን ሌሊቱ ሲብስብን 60 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ ወጣነው። ጣርማበር ዋሻ ስንገባ ማሙሽ እጄን ጨምድዶ ይዞ «የጥርስ ቤቱ እዚህ ውስጥ ነው?» አለኝ።

ዶክተሯ ጋዋኗን አውልቃ በር ጀርባ ሰቅላዋለች። ሹራብ ለብሳ መጣችና ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። «ከየት ነው የመጣኸው?» ዝም። ከደብረ ሲና መሆናችንን ነገርኳት። «እንግዲያው በዋሻው ነው የመጣኸው! አይጨልምም?» ከጋቢው ውስጥ ቀስ ያለች ድምፅ ወጣች፦ «ሹፌሩ መብራት አበራ።»

በቃ፣ እዚያች ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። ያቺን ክብ መስታወት ሰጠችውና «መጀመሪያ አንተ የእኔን ዋሻ እየው» ብላ አፏን ከፈተች። ማሙሽ ገባ ብሎ አየና «እዚህ ጋ ጠቁሯል» አላት። «አዎ፣ እኔም ታክሜ ነው» አለችው። ከዚያ እሷ ሹፌር፣ እሱ ባለ ዋሻ ሆኑ። መብራቱን እንድታበራ እሱ ራሱ ፈቀደላት። ጥርሱን አንድ፣ ሁለት እያለች ጮክ ብላ ስትቆጥር 21 ላይ ደረሰች። «የልጅ ጥርስ 20 ነው፤ አንተ ጋ አንድ ትልቅ ሰው ገብቷል!» አለችው። ለካ ከኋላ በኩል ቋሚ መንጋጋ ወጥቶ ኖሯል። የወተት ጥርስ ሳይነቀል ከሁሉም ኋላ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም፤ የወተት መስሎት ችላ ይለዋል አለችኝ። እኔም አላወቅኩም ነበር። የታመመው ደግሞ አጠገቡ ያለው ነበር፤ የወተትም ቢሆን እስከ አስር አስራ አንድ ዓመቱ የሚቆይ። «ይወልቃል» የተባልኩት እንግዲህ ይኼን ነው!

የዚያን ቀን ጥርሱን አልነካችም። ለእብጠቱ መድኃኒት ጻፈችልን፣ የካርድ ብቻ ከፈልን፣ ተመለስን።

በሳምንቱ ስንሄድ እንዲህ አለችው፦ «አፍህ ተከፍቶ መናገር ስለማትችል፣ እጅህን ካነሳህ ‹ወራጅ አለ› ማለት ነው፤ እኔም እቆማለሁ።» መርፌውንም አልዋሸችውም። «ትቆነጥጥሃለች፤ አስር እስክትቆጥር ታልቃለች» አለችው። ሰባት ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሠራችውን እኔ አልገባኝም፤ የሆነ ነገር ጠረገች፣ የሆነ ነገር ደፈነች። የማውቀው ማሙሽ አራት ጊዜ እጁን ማንሳቱን ነው። የመጀመሪያውን አሞት አልነበረም፣ ትዋሽ እንደሆነ ሊፈትናት ነው። ወዲያው ቆመች። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም፣ አራተኛም ቆመች። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ አንድም ጊዜ «ኧረ በቃህ» አላለችውም። እኔ ጥግ ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሲስተሯ ናት ሶፍት የሰጠችኝ። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

ስንወጣ ለእኔም የሚገባኝን ነገረችኝ። «እህቴ፣ ‹ከረበሽክ ሐኪሙ ይወጋሃል› እያልሽ ታስፈራሪው ነበር?» ስትለኝ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሁላችንም እንላለን እኮ! ልጅ ሳያመው፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ አምጡትና ወንበሩን ይልመድ ትላለች። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ አይተኛ፤ ማታ ደግሞ ጥርሱን እናንተ ቦርሹለት፣ በዚህ ዕድሜው አተር የምታህል ሳሙና ትበቃዋለች። ሕፃን ሆኖ ሲያስቀምጠው ጎረቤት «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ሲለኝ እምቢ ማለቴን ስነግራት ደግሞ አቀፈችኝ። ድዱን ሲቆፍሩ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሹታል አለችኝ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም ያላችሁ፣ መንገዱ አይክበዳችሁ፤ ውሰዷቸው። ልጆቻችሁን አስይዛችሁ አታስጩሁ፣ እባካችሁ ውሰዷቸው። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቀጣዩ ቀጠሯችን ደርሷል። ትናንት ማሙሽ አያቱ ዘንድ ሄዶ «ለዶክተሯ ሱፍ የበዛበት ቆሎ ቋጥሪልኝ» አላት። እናቴም «ጠጠር ኖሮበት የሐኪሟን ጥርስ እንዳንሰብር» ብላ ሁለቴ ለቅማ ቋጠረችለት።