በጎንደር መንገድ ዳር የሚሸጡ አሮጌ መኪኖች፦ ቮልስ፣ ፊያት 600 ወይስ ላንድሮቨር?

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣው መንገድ የኋላ መስታወቷ ላይ «ትሸጣለች» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት አሮጌ ቮልስ ወይም ፊያት 600 ዐይን ትስባለች፤ በደባርቅ በኩል ደግሞ አልፎ አልፎ አሮጌ ላንድሮቨር ይገጥማል። ሦስቱም ያምራሉ፤ ለገዢ ግን እኩል አይደሉም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለችና ዳገት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ አየሩ በመሳሳቱ ብቻ የካርቡራተር ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው የቮልስ 1200 ሞተር እዚህ 27 ገደማ ይቀረዋል።

ዕድሜን ከሩቅ መገመት ይቻላል። የኋላ መስታወቷ ትንሽና ሞላላ የሆነ ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1957 የተሠራች ናት፤ የፊት መብራቷ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ከ1967 አጋማሽ ወዲህ ናት፣ ፓራፋንጎዋ ካልተቀየረ በቀር። የፊያት 600 በሮች ማጠፊያቸው ከኋላ ከሆነ ከ1964 አታልፍም። የላንድሮቨር መብራቶች ፍርግርጉ መካከል ከተቀመጡ ከ1960ዎቹ ማብቂያ በፊት የተሠራ ነው።

ለከተማ እኔ የምመርጠው ቮልስን ነው። በአየር ስለምትቀዘቅዝ ውሃ ፈልቶባት ዳገት ላይ አትቆምም፤ ሆኖም ማራገቢያዋ የሚሽከረከረው ዲናሞውን በሚያዞረው በዚያው ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው። ስትታይ ጠዋት፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ትታይ። የኋላ ኮፈኗን ከፍተው የታችኛውን ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ መልሰውም ይግፉት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲላወስ በእጅ ከታወቀዎትና ከውስጥ «ቋ» ካለ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታቱ አይቀርም። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ ሻጩ አሙቆ ስለጠበቀኝ ፑሊውን ለመንካት አልደፈርኩም፤ በሁለተኛው ወር ሞተሯ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ቀጥሎ የኋላ መቀመጫውን አንሥተው ባትሪው የተቀመጠበትን ላሜራ በጣት ይጫኑት፤ አሲድ የበላው እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰበራል። በሩን ከፍተው ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉት ብዙ ከተንቀሳቀሰ፣ ማጠፊያው አልቋል፤ ከስር ያለው የጎን ብረት በዝጎ አካሉ ዐቅሙን አጥቶም ሊሆን ይችላል። ብረቷ ጤነኛ ሆኖ ሞተሯ የደከመ ቮልስ፣ ሞተሯ ጥሩ ሆኖ ወለሏ ከተበሳ ትሻላለች፤ ሞተር ይታደሳል፣ ወለል ግን በብየዳ ተለጣጥፎ የቀድሞውን አይሆንም።

ፊያት 600 ቀላልና ለጠባብ መንገድ የምትመች ናት፤ ውበቷንም አልክድም። ችግሩ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተሩም ከሞተሩ ጎን የተጨናነቀ መሆኑ ነው፤ በባጃጅ መካከል ቀስ እያለች ረጅም ዳገት ስትወጣ ትሞቃለች። የምትገዛ ከሆነ ከ633 ሲሲው ይልቅ እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የመጣው 767 ሲሲው ይመረጥ።

ላንድሮቨር የገጠር መንገድ ላለበት ሰው ነው፤ ነዳጁ ግን ኪስ ይፈትናል። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ይህም ገዢን ያታልላል፣ ምክንያቱም ሻንሲው ብረት ነው። ከስሩ ገብተው በተለይ የኋላውን አግድም ብረት በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የወጣው ሦስተኛው ሲሪየስ ማርሽ ለመቀየር ይቀላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ለመለዋወጫ ብሎ ሁለተኛ አሮጌ መኪና ከውጭ ማምጣት አይታሰብም። በመጨረሻም ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ያስተያዩ፤ በቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ መቀመጫ ስር፣ በመሐል ባለው ቱቦ ላይ ነው፣ ባትሪውን ሲያዩ እግረ መንገድዎን ያነቡታል።