ለያኮቢ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን አስጎብኚ ምስጋና፦ ሐምቡርግ ላላችሁና እንግዳ ለሚመጣባችሁ

ሐምቡርግ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ጥቆማ ያዙልኝ። ከአገር ቤት የመጡትን አጎቴንና ልጆቼን ይዤ መሃል ከተማ ያለውን የቅዱስ ያዕቆብ (ያኮቢ) ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን (አየር በቱቦዎች ውስጥ እያለፈ የሚጮህ ግዙፍ የሙዚቃ መሣሪያ) ልናይ ሄደን ነበር። ያስጎበኙን ሴትዮ ሞያቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም።

አስጎብኚ ሲባል ዓመተ ምሕረት እየደረደረ የሚያልፍ ነው የለመድነው። እሳቸው ግን የደብሩን ታሪክ በሙሉ በኦርጋኑ በኩል አወጡት። አርፕ ሽኒትገር የሚባል ባለሙያ ከ1689 እስከ 1693 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ሠራው፤ ከቀድሞው ኦርጋን ደህና ደህናዎቹን ቱቦዎች ሳይጥል አብሮ አስገብቷቸዋል። ባለ 60 የድምፅ ዓይነት ነው፤ ቱቦዎቹ ወደ 4,000 ይጠጋሉ፤ የእጁ ቁልፍ አራት ረድፍ ሲሆን ከሥር ደግሞ በእግር የሚረገጥ አለው።

አንዲት ጣት የምታክል የብረት ቱቦ አውጥተው ለትንሿ ልጄ ሰጧትና «እስቲ ንፊያት» አሏት። እንደ ዋሽንት ጮኸች። ቀጥለው ትልቁን አሰሙን። ከ9 ሜትር በላይ የሚረዝም ቱቦ ነው፤ ድምፁ ከጆሯችን ይልቅ በተቀመጥንበት አግዳሚ በኩል መጣብን። ማኅሌት ቆመው ያደጉት አጎቴ «ይሄስ ከከበሮ አይተናነስም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

በጣም የወደድኩላቸው ግን የቤተ ክርስቲያኑን ገመና አለመሸፈናቸውን ነው። በ1720 ታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባህ እዚህ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ለመቀጠር አመልክቶ ነበር፤ ቦታውን ያገኘው ሃይትማን የሚባል ሰው ነው። ሰውየው ለደብሩ ካዝና 4,000 ማርክ ገቢ አደረገ! የደብሩ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር ነገሩ አንገብግቧቸው፣ በገና ስብከታቸው ላይ ከቤተልሔም መላእክት አንዱ ወርዶ እንደ ሰማዩ ቢጫወት እንኳ ገንዘብ ከሌለው በመጣበት ከመብረር ሌላ ዕድል የለውም ብለው ተናገሩ። አጎቴ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ለምን እንደሳቁ ለሴትዮዋ አላስተረጎምኩም።

ጦርነቱንም አልዘለሉትም። በ1917 ከፊት የሚታዩት የቆርቆሮ ቱቦዎች ለጦር መሣሪያ ተወሰዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ቱቦዎቹና ቅርጻ ቅርጾቹ ቀድመው ተነቅለው ስለተሸሸጉ፣ በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ሲመታ የጠፋው ታቅፏቸው የነበረው የእንጨት ሳጥን ነው። ዩርገን አሬንድ ጠግኖ የጨረሰው በ1993 ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚያብረቀርቁት አዲሶች ናቸው፤ አሮጌዎቹን ከፈለጋችሁ ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ በባትሪ እያበሩ አሳይተውናል።

ጀርመንኛ ለማይሰማ እንግሊዝኛ ይቀላቅላሉ፣ የልጅ ጥያቄም አይሰለቻቸውም። ወደ ኦርጋኑ የሚያወጣው ደረጃ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል፤ አጎቴ ታች ቀርተው ነው የሰሙት፣ ምንም አልጎደለባቸውም። እግዜር ይስጥልን እትዬ! መሄድ የምትፈልጉ ቀኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ለልጆችም ሹራብ ያዙ፤ ውስጡ ይበርዳል።