ትራይደንት፦ ክዳኑ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ የውሃ ቆጣሪ

የኒው ዮርክ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የድሮ ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ነው የምውለው፤ ያረጁ ቆጣሪዎችም በእጄ ብዙ ያልፋሉ። ወስጄ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ግን አንድ ብቻ ነው፤ የኔፕቱን ኩባንያ ያመረተው ትራይደንት። ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲቆጥር የኖረ ዕቃ ስለሆነ ስለ እሱ በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ሲያነሱት ይከብዳል። አካሉ ነሐስ ነው። ቡሎኖቹን ፈትቶ ሆዱን መክፈት ይቻላል፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄንን ነው። ውስጡ ከጠጣር ጎማ የተሠራ፣ መሐሉ ላይ ኳስ ያለው ዲስክ ተቀምጧል። ውሃው ሲገባ ዲስኩን ይገፋዋል። መሬት ላይ የወደቀ ሳንቲም ሊረጋ ሲል እንደሚወዛወዘው፣ ዲስኩም ዙሪያውን እያጋደለ ይሄዳል። ከኳሱ ላይ የወጣችው ትንሽ ዘንግ ክብ እየሠራች ጥርሳሞቹን ማርሾች ታዞራለች፤ እነሱ ደግሞ ከላይ ያሉትን ጠቋሚዎች ያንቀሳቅሳሉ። በእያንዳንዱ ዙር የሚያልፈው ውሃ መጠኑ እኩል ነው። ስለዚህ ዙሩን የቆጠረ ውሃውን ቆጠረ ማለት ነው።

ጠጣር ጎማ ክብደቱ ከውሃ ብዙም አይበልጥም። ውሃ ውስጥ ሲሆን ዲስኩ በትንሽ ግፊት ይነሳል። የኔው ቆጣሪ እንኳ ደረቅ ሆኖ በአፌ እፍ ስልበት ቅጭ ቅጭ እያለ ይንቀሳቀሳል። የዲስኩ ሐሳብ ራሱ ከኩባንያው ይቀድማል፤ በ1830ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ በሚያጋድል ዲስክ ሞተር ተሠርቶበት ነበር። ለሞተርነት ብዙም አልዘለቀም። ለቆጣሪ ግን ልክክ አለ።

አሁን ወደ ሥሩ ልምጣ። የሥሩ ክዳን ነሐስ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብረት ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝና በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህን የሚያግድ ዕቃ የለም። አካሉ በሙሉ ጠንካራ ቢሆን ነሐሱ ይሰነጠቅ ነበር፣ ዲስኩም አብሮ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ክዳኑ ቀድሞ ይሰበርና በረዶው መውጫ ያገኛል። ሠራተኛው አዲስ ክዳን ያስራል፣ አለቀ። አንድ ነገር መሰበሩ ካልቀረ የቱ ቦታ ቢሰበር ይሻላል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ለኔ ትልቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አሠራር የኔፕቱን ብቻ አልነበረም፤ ሚልዋኪ ውስጥ በ1905 የተመሠረተው ባጀር የተባለ ቆጣሪ አምራችም ሥራውን የጀመረው በረዶን በሚቋቋም ቆጣሪ ነው።

ኔፕቱን ከ1892 ጀምሮ ያለ ኩባንያ ነው። ፋብሪካው ከማንሃታን ወንዙን ተሻግሮ፣ እዚሁ ኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ሲቲ በሚባል ሰፈር ነበር። የሚገርመኝ፣ ቆጣሪው እዚያ እየተመረተ ከተማው ለአብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ውሃ ያለ ቆጣሪ ይሸጥ ነበር። ሒሳቡ የሚሰላው በሕንፃው የፊት ስፋት፣ በፎቁ ብዛትና በቧንቧ ዕቃዎቹ ነበር። ውሃ ያፈሰሰም የቆጠበም እኩል ይከፍል ነበር! ሁሉም ቤት ቆጣሪ እንዲገባለት ዘመቻ የተጀመረው በ1988 ነው። በኔ እምነት ይህ በጣም ዘግይቷል፤ መፍትሔው ያለው እዚያው ከወንዙ ማዶ ነበር።

የፋብሪካውን ሕንፃ ምናልባት በሌላ ስሙ ታውቁት ይሆናል። በኋላ ፋይቭ ፖይንትዝ ተብሎ ግድግዳው በሙሉ በግራፊቲ የተሸፈነው እሱ ነው። በ2013 ሥዕሎቹ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም ተቀቡባቸው፤ በ2014 ሕንፃው ፈረሰ። ኩባንያው ራሱ ከዚያ በፊት አላባማ ውስጥ ወዳለችው ታላሲ ሄዷል። ዛሬም እዚያ ቆጣሪ ያመርታል፤ ቲ-10 የሚባለው የቤት ቆጣሪውም የሚሠራው በዚያው በሚያጋድል ዲስክ ነው።

እንከን የለውም አልልም። የድሮው ሰሌዳ አነባበቡ ያደክማል። ትንንሾቹ ክቦች አንዱ ወደ ቀኝ፣ ጎረቤቱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ጠቋሚው ሁለት ቁጥር መሐል ሲቆም ትንሹን መውሰድ አለባችሁ። መለኪያውም ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ አንዱ 28 ሊትር ይጠጋል። ሙቅ ውሃ ጠላቱ ነው። ከማሞቂያው ወደ ኋላ የተመለሰ ሙቅ ውሃ ጎማውን ያጣምመዋል። አሸዋ ከገባበት ዲስኩ ይያዛል። ሲያረጅ ደግሞ ዲስኩ ስለሚበላ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ሳይቆጥር ያሳልፋል። ኪሳራው የውሃ አቅራቢው ነው እንጂ የደንበኛው አይደለም፤ ያረጀ የዲስክ ቆጣሪ ባብዛኛው የሚያጎድል እንጂ የሚጨምር አይደለም።

ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ልትገዙ ካሰባችሁ ግዙት፣ ይገባዋል። መጀመሪያ ግን አስከፍቱት። ዲስኩ ያልተሰነጠቀ፣ ኳሱ ያልተፋቀ መሆኑን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እዩ። የሥሩ ክዳን ተቀይሮ ከሆነ ችግር የለም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ለመጠጥ ውሃ መስመር ግን እንዳትገጥሙት። የዚያን ዘመን ነሐስ እርሳስ አለበት፤ የአሜሪካ ሕግ ከ2014 ጀምሮ ውሃ በሚነካው የዕቃው ክፍል ላይ የሚፈቅደው እርሳስ በአማካይ ከ0.25 በመቶ አይበልጥም።