አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ዲፒኤፍ ከቀየርኩ ከ9 ወር በኋላ

የከባድ መኪናዬን የጭስ ፊልትሮ፣ ዲፒኤፉን፣ ከቀየርኩት 9 ወር ሆነኝ። 71,000 ማይል ነድቼበታለሁ። «ዕቃው እንዴት ነው?» እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ መልሱን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ዕቃው ጥሩ ነው። ትራኩን የሠራው ፋብሪካ ያወጣው አይደለም፣ ሌላ አምራች አመሳስሎ የሠራው ነው፣ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። በጊዜ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ መግዛትም አያስፈልገኝም ነበር።

መኪናዬ የ2014 ሞዴል ናት፣ ባለ 15 ሊትር ሞተር። በ2020 ስገዛት 610,000 ማይል ሄዳ ነበር። የምሠራው ከዳላስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ287 መንገድ ወደ አማሪሎና ዴንቨር፣ ጭነት ሲገኝ ደግሞ እስከ ካሊፎርኒያ። አራት ዓመት ያህል ዲፒኤፍ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቼው ነበር። በ2024 መገባደጃ ላይ ግን ሪጄን በዛ።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዲፒኤፍ ማለት ማርሚታው ቦታ ላይ የተቀመጠ፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የሸክላ ፊልትሮ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ የተደፈኑ ስለሆኑ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል፣ ጥላሸቱ እዚያው ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ በከባድ መኪኖች ላይ የገባው ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ የጭስ ሕጉ ስለጠበቀ። ጥላሸቱ ሲጠራቀም መቃጠል አለበት። ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ በጭሱ ሙቀት ቀስ እያለ ይነዳል። ያ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ናፍታ ወደ ጭስ መስመሩ ያስገባና ከፊልትሮው በፊት ያለው ካታሊስት ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርሰዋል። ሪጄን የምንለው ይኼን ነው። ነገሩ እንደ ከሰል ምድጃ ነው፤ ጥላሸቱ ይነዳል፣ አመዱ ግን ይቀራል። አመዱ የሚመጣው ከሞተር ዘይት ነው፣ የፈለግከውን ያህል ብታነደው አይጠፋም፣ ፈትቶ ማጽዳት ብቻ ነው ያለው።

ድሮ ሪጄን በቀን አንዴ ቢመጣ ነው። በዚያን ሰሞን በየሦስት ሰዓቱ ሆነ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ መኪናዋ ቆመህ ሪጄኑን አሠራው ትለኝ ጀመር። ትራክ ስቶፕ ውስጥ ሞተሩ እያጓራ 45 ደቂቃ መጠበቅ፣ ሕጉ በቀን የሚፈቅድልኝ ያችው 14 የሥራ ሰዓቴ እየተበላች።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሞልቷል፣ ይጸዳ አለኝ። ተፈታ፣ ምድጃ ውስጥ ተጋገረ፣ በአየር ተነፋ። 480 ዶላር። አራት ሳምንት ሠራ። ሁለተኛው ጋራዥ ሴንሰሩ ነው ብሎ የግፊት ሴንሰሩን ቀየረ። 260 ዶላር፣ ለስድስት ቀን ሰላም። ሦስተኛው ኮምፒውተር ሰክቶ በግድ ሪጄን አሠራና ሸኘኝ። ቺልድረስ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍኩ ቢጫው የማስጠንቀቂያ መብራት ቀይ ሆነ፣ ጉልበቷ ከዳኝ፣ ዳር ያዝኩ። ጃንዋሪ ነው፣ የዚያ አገር ንፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ጭነት የምታሰማራኝ ዲስፓቸር ደግሞ በየአሥር ደቂቃው «የት ደረስክ?» ትለኛለች። የት እደርሳለሁ! ጎታቹ ብቻ 1,400 ዶላር ወሰደ።

ያዳኑኝ አገር ቤት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ ሐበሻ መካኒክ ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ወዲያው አላወጡም። መጀመሪያ ጠየቁ።

«በፊት በጋሎን ስንት ትሄድልህ ነበር? አሁንስ?»

6.5 ማይል የነበረችው 5.6 ገብታለች።

«ዘይት ትጨምርላታለህ?»

አልጨምርም።

«ዳገት ላይ ስትረግጣት ፉጨት ነገር አትሰማም?»

እሰማለሁ፣ የቱርቦው ድምፅ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሆነባችሁ። የሚያጨሰው ሞተሩ ነው፣ እናንተ የምትደበድቡት ማርሚታውን።»

የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን ሁለት አፍ ደፍነው አየር ሞሉበትና የሳሙና ውሃ ረጩበት። በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ አረፋው ፈላ። ተሰንጥቋል። ቱርቦው የሚልከው አየር ሞተር ሳይደርስ ያመልጣል፣ አየር ያነሰው ናፍታ በደንብ አይነድም፣ ጥላሸት ይሆናል፣ ጥላሸቱ ሄዶ ፊልትሮው ላይ ይከመራል። ይኼው ነው። ፊልትሮ የሌላት መኪና ብትሆን ኖሮ ማንም ያውቀው ነበር፣ ጥቁር ጭስ ከኋላህ እየተግተለተለ ያሳጣሃል። አሁን ግን ጭሱን ፊልትሮው ይውጠዋል፤ ሞተሩ ታሞ ወራት ሲከርም ከውጭ ምንም አይታይም። የሚናገረው ያች ቢጫ መብራት ብቻ ናት፣ እኛ ደግሞ እሷን ለማጥፋት እንሯሯጣለን። ሦስት ጋራዥ ሄጄ ጥላሸቱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ፊልትሮው ግን አልተረፈም። ሲፈታ መሃሉ ቀልጧል። ብዙ ጥላሸት የተሸከመውን በግድ ሲያነዱት ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ሸክላውን ያቀልጠዋል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከውስጥ በኩል መጥቆሩንም ያኔ ነው ያየሁት። ፊልትሮው ደህና ሲሆን እዚያ ጋ ጣትህን ብታስገባ ንጹሕ ነው የምታወጣው።

ከዋናው አምራች አዲስ 3,900 ዶላር ተጠየቅኩ። ይኼኛው 2,050 ነበር። አሮጌውን ስትመልስ ይመለስልሃል የተባልኩት 500 ዶላር ግን ቀረ፣ የቀለጠ አንቀበልም አሉ። ኢንተርኩለሩ ከነእጅ ሥራው 1,150። ማጽጃውን፣ ሴንሰሩንና ጎታቹን ደምሩበት፣ እኔ መደመር ትቻለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አገጣጠሙ ጥሩ ነው፣ አንዱ የሴንሰር ቀዳዳ ብቻ ትንሽ ዞር ብሎ ስለተሠራ ሽቦው ተወጥሮ ነው የደረሰው። ጋስኬትና ማሰሪያ አብሮት አይመጣም፣ አሮጌውን መልሰህ እንዳትጠቀም፣ ጭስ ያፈሳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሪጄን የሚመጣው በየ22 ሰዓቱ አካባቢ ነበር፣ በጋሎን የምትሄደውም ወደ 6.4 ማይል ተመለሰ። በአምስተኛው ወር የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ቡሎን ላላና እንደ ጸናጽል ይንሿሿ ጀመር። ለሁለት ቀን ሞተሩ ሊፈርስ ነው ብዬ ስጸልይ ነበር። ባዶ ሆኜ ሜዳ ሜዳውን ስሄድ ከድሮው ቶሎ የሚሞላ ይመስለኛል፣ ምናልባት ውስጡ የተቀባው ፕላቲነም ቆጠብ ተደርጎ ይሆናል። ጭነት ሲኖርና ዳገት ሲኖር ግን ልዩነቱ አይታወቀኝም። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፣ ወረቀቱ ላይ ግን በሞተሩ ጥፋት የተበላሸ አይሸፈንም ይላል። በደንብ አንብቡት፣ አብዛኛው የሚበላሸው በሞተሩ ጥፋት ነውና።

«ፊልትሮውን ቁረጠውና ገላግለው» የሚሉኝም አልጠፉም። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ይከለክላል። እኔ ደግሞ ካሊፎርኒያ እገባለሁ፣ እዚያ ከ2013 ወዲህ የተሠራ ሞተር ኮምፒውተሩ ተሰክቶ በዓመት ሁለቴ ይፈተሻል። ሕጉ ባይኖር ቆርጬ ነበር ወይ? ጃንዋሪ ላይ ብትጠይቁኝ አዎ እል ነበር። አሁን ግን ያች መብራት ባትኖር የተሰነጠቀውን ኢንተርኩለር መቼ ላውቀው ነበር እላለሁ።

አነዳዴም ተቀይሯል። ሌሊት ለማሞቂያ ብዬ ሞተር አስነስቼ አላድርም፣ ትንሽ የናፍታ ማሞቂያ አስገጥሜያለሁ፤ ሥራ ፈትቶ ሲንኳኳ የሚያድር ሞተር ጭሱ ስለማይሞቅ ጥላሸቱ አይነድለትም። የምሞላው ዘይት አመዱ አነስተኛ የሆነውን፣ ሲኬ-4 የሚባለውን ብቻ ነው። የተጀመረ ሪጄን አላቋርጥም፣ ደረቅ ሣር ላይ ግን በፍጹም አላሠራውም፣ እሳት ያስነሳል።

ደብተርም ያዝኩ። ሪጄን የመጣበትን ሰዓትና ማይል እጽፋለሁ፣ እንዲህ አድርግ ያሉኝ መካኒኩ ናቸው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ በየ22፣ በየ21፣ በየ22 ሰዓቱ እያለ ነበር። ሰሞኑን 17 ገብቷል። መብራት የለም፣ ጉልበቷም ደህና ነው፣ ሪጄኑ ግን 17 ነው። ቅዳሜ ዳላስ ስገባ ቤት ሳልሄድ እሳቸው ጋ ነኝ፣ ሳሙናውን እኔ ይዣለሁ።