መሐንዲስ ወይስ ኢንጂነር?

ሁለቱም ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። መሐንዲስ የአገር ልጅ የሚመስለን ስለለመድነው ነው እንጂ የተወሰደው ከዓረብኛው «ሙሀንዲስ» ነው። የእሱም ሥር ወደ ፋርስኛው «አንዳዛ» ይወስደናል፤ ልክ፣ መጠን ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ከሥሩ ለኪ ነው።

የኢንጂነር ነገር ሌላ ነው። መነሻው የላቲኑ «ኢንጌኒየም» ሲሆን ተፈጥሯዊ ብልሃት እንደማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በዚህ ስም የሚጠሩት ድንጋይ ወርዋሪ የጦር መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጆን ስሚተን የተባለው እንግሊዛዊም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይና የባሕር መብራት ማማ ሲሠራ፣ ከጦሩ ባለሙያዎች ለመለየት ራሱን «ሲቪል» ኢንጂነር አለ። ሲቪል የምትለዋ ቃል የመጣችው በዚህ ነው፤ ከሲሚንቶ ጋር ዝምድና የላትም!

በአማርኛ ሥራ ተከፋፍለዋል። ከስም ፊት ማዕረግ ሲሆን «ኢንጂነር እገሌ» ነው። ሶፍትዌር ሲነሳም አፋችን የሚቀናው ኢንጂነር ነው። «የሴራው መሐንዲስ» የሚለውን ግን «የሴራው ኢንጂነር» ብንለው አይጥምም።

ምረጥ ብባል መሐንዲስን እመርጣለሁ። ምሕንድስና ብሎ የሙያውን ስም ራሱ ይወልዳል። ከኢንጂነር ጋር ግን ኢንጂነሪንግንም ደግመን መዋስ አለብን።