ለትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም የትኛው ኮራል? ዞአ ወይስ እንጉዳይ፣ ሃመር ወይስ ዳንካን

ኮራል (ባሕር ውስጥ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። በሰማያዊው መብራት ሥር ሁሉም ያበራል፤ አንዱ ፍም ይመስላል፣ ሌላው የሎሚ ቀለም ነው፣ ሻጩ ደግሞ የጠቆማችሁትን ሁሉ «ይሄ ለጀማሪ ቀላል ነው» ይላል። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ አፓርታማዬ ሳሎን ውስጥ 75 ሊትር የምትይዝ ገንዳ አለችኝ። አለቱና አሸዋው ቦታ ሲይዙ ትክክለኛው ውሃ ወደ 60 ሊትር ይወርዳል። እንዲህ ባለች ገንዳ ቀለም ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ይሄ ነገር ሲያድግ የት ይደርሳል፣ ጎረቤቱንስ ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው ቢሳሳት ትንሽ ፈቀቅ ያደርገዋል፤ እኛ ፈቀቅ የምናደርግበት የለንም።

የምታገኙት በአብዛኛው ፍራግ ነው፤ ከትልቅ ኮራል ተቆርጦ ክብ የሴራሚክ መቀመጫ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ። ችግኝ በሉት።

ከዞአና ከእንጉዳይ (ማሽሩም ከሚሉት) እንጀምር። ሁለቱም ለስላሳ የሚባሉ ኮራሎች ናቸው፣ አጥንት አይሠሩም። ስለዚህ ካልሲየም ምናምን ጨምሩ አይሏችሁም፤ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃውን መቀየር ይበቃቸዋል። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። እንጉዳይ ጥላ ይወዳል፣ ታች አሸዋው አጠገብ ብታስቀምጡት ደስተኛ ነው፣ ደካማ መብራት ያለው ሰው ሌላ ምርጫ ባያማርጥ ይሻለዋል። ዞአ ደግሞ መካከለኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ ሲያንሰው አንገቱን ያስረዝማል። ቀለሙ ግን ማለቂያ የለውም፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ተራው ዞአ 15 ዶላር ሲሆን ስም የወጣለት ዓይነት አንዲት ፖሊፕ (አንዲት አበባ መሳይ አካል) ብቻ 100 ዶላር ስትጠራ ታያላችሁ። እኔ ለስም አልከፍልም። እንጉዳይም የራሱ አመል አለው፤ ካልተመቸው አለቱን ለቆ በውሃ ተንሳፎ ሌላ ቦታ ይሰፍራል፣ ስትነቅሉት የቀረችው ቁራጭም መልሳ እንጉዳይ ትሆናለች።

ዞአ ላይ ግን ረጋ እንበል። ዞአና ዘመዱ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አይነካም። አደጋው የሚመጣው ስትቆርጡት፣ በብሩሽ ስትፈትጉት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰፈረበትን አለት ለማጽዳት ብላችሁ የፈላ ውሃ ስታፈሱበት ወይም ስትቀቅሉት ነው። በእንፋሎቱ ብቻ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ አለ። ጓንት አድርጉ፣ ስትቆርጡ መነጽርም አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንኩት። ቤት ውስጥ እጁን ገንዳ የሚከት ሕፃን ካለ ያለማመንታት እንጉዳዩን ግዙ።

አሁን ወደ ሁለቱ አረሞች። ጂ ኤስ ፒ (ግሪን ስታር ፖሊፕስ) የሚባለው ኮራል አረንጓዴ ነው፣ ሲከፈት በፓምፑ ሞገድ እንደ ሣር ይተኛል ይነሣል፣ በጣም ያምራል። ዜኒያ ደግሞ እጇን እየከፈተች እየጨበጠች ታጨበጭባለች፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም ሰርዶ ናቸው። ጂ ኤስ ፒን ዋናው አለት ላይ ለጠፍኩት፤ በስምንት ወር ውስጥ ሐምራዊ ምንጣፉ አለቱን ለብሶ፣ መስታወቱን ወጥቶ፣ ሁለት የዞአ ፍራግ ውጦብኝ አረፈ። በቢላ ፋቅሁት፣ ተመልሶ መጣ። ከሁለቱ ጂ ኤስ ፒ ይሻለኛል፣ ቢያንስ አይሞትም፤ ዜኒያ ገንዳውን ሞልታ ከርማ አንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ምክንያት ልትረግፍ ትችላለች። የፈለጋችሁትን ግዙ፣ ብቻ ከሌላው አለት በተለየች፣ ዙሪያዋን አሸዋ በከበባት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት።

ዋናው ምርጫ ሃመርና ዳንካን ናቸው። ሁለቱም አጥንት ይሠራሉ፣ ሁለቱም እንደ ሽንኩርት በራስ ነው የሚሸጡት። በእኔ አካባቢ ዳንካን አንድ ራስ 20 ዶላር ገደማ፣ ሃመር ከ40 እስከ 60 ከፍያለሁ። ሃመር ጫፉ መዶሻ የሚመስል ረጅም ጣት አለው፣ በሞገድ ሲወዛወዝ ስታዩት ገንዘቡን ትረሳላችሁ። ግን ማታ ማታ ጣቶቹን እያስረዘመ እስከ 15 ሴንቲሜትር የደረሰበትን ሁሉ ይለበልባል። ሳማ ነው። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ባላት ገንዳ ግራና ቀኝ 15 ሴንቲሜትር ባዶ መተው ማለት የገንዳችሁን ግማሽ ለአንድ ኮራል ሰጣችሁ ማለት ነው። ዳንካን እንዲህ ያለ ጠብ የለውም፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ከተዋችሁለት ሰላም ነው። ራሱ ሰፊ አበባ ይመስላል፤ ማይሲስ የምትባለዋን የቀዘቀዘች ትንሽ ሽሪምፕ ስትሰጡት ዓይናችሁ እያየ አጥፎ ይውጣል፣ በደንብ ሲበላም አዲስ ራስ ያወጣል። ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው።

ሃመር ካልገዛሁ የሚል ካለ፣ ሁለት ዓይነት መሆኑን ይወቅ። አንዱ ቅርንጫፍ አለው፣ ሌላው እንደ ግድግዳ አንድ ወጥ ነው። ባለ ቅርንጫፉን ግዙ። አንድ ራስ ቢታመም ቆርጣችሁ ሌላውን ታተርፋላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን ሕመሙ ከዳር ተነሥቶ እስከ ዳር ይሄዳል። ሃመርም ዳንካንም የሚሻላቸው 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ) ጨው፣ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ልክ፣ ዲኬኤች መለኪያው ነው) ላይ ነው፤ ከቁጥሩ ይበልጥ ደግሞ ቁጥሩ አለመዋዠቁ። ትንሽ ገንዳ የሚተነው ውሃ ጨዋማነቱን ቶሎ ያንረዋል፣ ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ሙሉ። ገንዳው ከተነሣ 5 ወይም 6 ወር ካልሞላው ሃመሩን ተውት። ዳንካን ትንሽ ይታገሣል። እኔ በዚህ ሁሉ ዳንካንን ነው የምመርጠው። (አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ «ስትመጣ ቁራጭ አምጣልኝ» ብሎኝ ነበር። እነዚህ አጥንት ሠሪዎች ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ሞተው አጥንታቸው ቢቀር እንኳ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገሩም። ቡና መላክ ይቀላል።)

አክሮፖራ የሚባለውን ቅርንጫፋም አጥንት ሠሪ ኮራል አልዘረዝርም። ለ60 ሊትር ውሃ አይሆንም፣ በቃ።

ከማን ይገዛል? ሱቅ ውድ ነው፣ ግን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው የምትወስዱት። በኢንተርኔት ምርጫው ሰፊ ነው፤ የአንድ ሌሊት መላኪያው ግን ብዙ ጊዜ ከኮራሉ ዋጋ ይበልጣል፣ ጥር ላይ ደግሞ በረንዳ ላይ በረዶ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እኔ ከሌላ አርቢ ቤት ሄዶ መግዛትን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ቁራጩም የቤት ገንዳ ለምዷል፣ ገንዳውንም ቆማችሁ ታያላችሁ፤ አለቱ ላይ አይፕታሲያ የምትባለዋን፣ ገንዳ የምትወር ትንሽ ቡናማ አኔሞን (አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ) ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የትም ብትገዙ ሻጩ ነጭ መብራት እንዲያበራ ጠይቁ። እናቶቻችን ሽሮ ሜዳ የጥለቱን ቀለም ከሱቅ አውጥተው በፀሐይ እንደሚያዩት ማለት ነው፤ በሰማያዊ መብራት የማያምር ኮራል የለም። ሃመርና ዳንካን ላይ ሥጋው ከአጥንቱ ጠርዝ ሸሽቶ ነጭ ከታየ አትግዙ፣ አፉን ከፍቶ የቀረውንም ተዉት።

ቤት ሲደርስ ከረጢቱን 20 ደቂቃ አንሳፉት፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ በኮራል መንከሪያ መድኃኒት መለያው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ንከሩት፣ ውሃውን ገንዳ ውስጥ እንዳትደፉት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። አንድ ጊዜ ዞአ ነክሬ ንጹሕ ነው ብዬ ከተትኩ፤ ከሥሩ የተጠቀለለች ነጭ የእንቁላል ክር ነበረች፣ ሳላያት ቀረሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዞአ የሚበሉ ቀንድ አውጣ መሳይ ነገሮች ተፈለፈሉ። አሁን መቀመጫውን ነቅዬ ጥዬ፣ በባትሪ መብራት ሥሩን አይቼ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሜ እነክራለሁ።

መጀመሪያ ታች አሸዋው ላይ አስቀምጡት፣ በሁለት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ወደ ቦታው አውጡት። ሃመር ሁለት ሦስት ቀን ተጨማድዶ ቢቆይ አትነካኩት፣ በየሰዓቱ ቦታ እየቀየሩ የገደሉት ብዙ ናቸው። ራሱ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ ያንኑ ሰዓት አውጡት፣ የታመመውን ራስ ቆርጣችሁ ጣሉት።